ድምፃቸውን ያዋሱ ሰው

ከለቅሶ ቤት ስመለስ ሁልጊዜ የሚጫነኝ ድብታ ዛሬም አልቀረልኝም፤ በሚኒባስ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ማንንም ሳላይ ተቀምጬ ነበር። ከፊት ለፊቴ አንድ አዛውንት ‹‹ወራጅ አለ›› አሉ። ድምፃቸው ከፍ ያለ አልነበረም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ፊደል ሙሉ ሆኖ፣ ትንፋሹም ተመጥኖ ስለ ወጣ ረዳቱ ሳይቀር ‹‹አቤት›› ብሎ ዞረ። እኔ ፊታቸውን ማየት አላስፈለገኝም። አባዬ በሕይወት ሳለ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን በቴሌቪዥን ዜና እያነበቡ በቤታችን ልጁንም ድስቱንም ዝም የሚያሰኙት እርሳቸው ነበሩ።

የዜና አንባቢን ሥራ ሰው ሁሉ ያቀለዋል፤ ማንበብ የማይችል ማን አለ ይባላል። ነገር ግን ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም፤ ‹‹ይመታል›› ተብሎ የተጻፈውን አላልቶ ማንበብ ሲገባው አጥብቆ ያነበበ ሰው መቺውን ተመቺ አድርጎት ያድራል። ማሰሪያ አንቀጹም የሚመጣው በመጨረሻ በመሆኑ፣ አንባቢው የባለሥልጣኑን ማዕረግ፣ የስብሰባውን ቦታና የተሰብሳቢዎቹን ዝርዝር ሁሉ ተሸክሞ ግሡ ዘንድ እስኪደርስ ድምፁን መጣል አይችልም። ጽሑፉን ካሜራው ፊት የሚያሳልፈው ፕሮምፕተር ባልነበረበት ጊዜ ደግሞ ይህን ሁሉ ከወረቀት እያነበበ፣ የዓረፍተ ነገሩን ጫፍ በቃሉ ይዞ ቀና ማለት ነበረበት። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ከተመሠረተ በኋላ የነበረውን አስታውሳለሁ፤ ‹‹የኢሠፓ ማዕከላዊ ኮሚቴ ዋና ጸሐፊ፣ የኢሕዲሪ ፕሬዚዳንትና የአብዮታዊ ጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ›› የሚለው የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ማዕረግ ተነብቦ እስኪያልቅ አባዬ ጉርሻውን አላምጦ ይውጥ ነበር።

ይህ ሙያ በእኛ አገር ወደ ቴሌቪዥን ሲመጣም ከቤተ መንግሥት ጋር ተያይዞ ነው። ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ በጥቁርና ነጭ ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት በዓል በሚከበርበት ዕለት ነበር። ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ያው ጣቢያ የወሎን ረሃብ ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ጋር እያፈራረቀ አሳየ፤ በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ። በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበር ሥዕሉ ባለ ቀለም ሆነ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲመጣ ደግሞ ‹‹ጓድ›› የሚለው ማዕረግ ከነባለቤቶቹ ሄደ። በወጣትነቱ ‹‹ግርማዊነታቸው›› ብሎ ማንበብ የጀመረ ሰው ጡረታ ሳይወጣ ይህን ሁሉ በዚያው አንደበቱ ሊያነብብ ይችል ነበር፤ ከረባቱን ቢቀይር ነው እንጂ ድምፁን ከወዴት ያመጣል?

አባዬ ‹‹ይህ ሰው ያላነበበው ምን አለ?›› እያለ ያማቸው ነበር፤ ቢሆንም ዜናው እውነት መሆኑን የሚያምነው ከእርሳቸው ሲሰማ ብቻ ነበር። እኔ ለረጅም ጊዜ ሐሜቱን ግፍ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ጽሑፉን ያረቀቀው ሰው በማይታይ ክፍል ተቀምጦ፣ የፈቀደውም አለቃ በፊርማው ተደብቆ ሲቀር፣ ገበያ ሲወጣ የሚታወቀውና የሚጠቆምበት ያነበበው ብቻ ነውና። አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ያው ጽሑፍ በተንተባተበ አንደበት ቢነበብ ኖሮ ግማሹን እንኳ አናምነውም ነበር። ሐሰቱን ያሳመረልን ያ የምንወደው ድምፅ ከሆነ፣ ችሎታው ራሱ ጥፋት ይሆናል ማለት ነው? ከሆነስ ጎበዝ አንባቢ መሆን የነበረበት ሰው ምን ያድርግ፣ ሆን ብሎ ይሳሳት? ለልጅ ማሳደጊያ በሚከፈል ደመወዝ ላይ እንዲህ ያለ ጀግንነት መጠየቅ ለእኔ ይቀለኛል፤ እኔን ማን ካሜራ ፊት አስቀምጦኝ ያውቃል።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ዕድሜ ልኩን ሌሎች የጻፉለትን ያነበበ ሰው፣ ወረቀቱ ከፊቱ ከተነሣ በኋላ የራሱን ዓረፍተ ነገር በየትኛው ድምፅ ይናገራል? ከባለቤቱ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ወጥ ጨው በዛበት ሲል፣ ያው የሁለት ሰዓቱ ድምፅ ነው የሚወጣው? ወይስ ለቤቱ የተቀመጠ፣ እኛ ሰምተነው የማናውቀው፣ ምናልባትም የሚንተባተብ ሌላ ድምፅ አለው?

ይህን ጽፌ ስጨርስ እንደ ልማዴ ነጠላ ሰረዞቹን ለማስተካከል ጮክ ብዬ አነበብሁት። ወገቤን አቅንቼ፣ በየአንቀጹ መጨረሻ ቀና እያልሁ፣ በማሰሪያዎቹም ላይ ድምፄን እየጣልሁ ማንበቤን ያወቅሁት እኅቴ ከወጥ ቤት ‹‹የአየር ጠባዩንስ አትነግረንም? ነገ ልብስ ላጥብ ነበር›› ስትል ነው።