ፓስወርዱ የት ገባ?

አሮጌዋ ላፕቶፔ ላይ ኡቡንቱ 24.04 የሚባል፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም ጫንኩ። (ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር 2024፣ አራተኛው ወር ማለት ነው፤ እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት።) ዋይፋይ ግን የለም! ጣና ዳር ቡና አዝዤ ስተክዝ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ተማሪ «ጋሼ፣ ድራይቨር ነው የጎደላት» አለኝ፤ ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም ማለቱ ነው። ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ ሰክተን ኢንተርኔት አጋራናት። ኪቦርዱን ግን አልነካም አለ። «እርስዎ ካልነኩት አይለምዱትም።»

ድራይቨሩን ልጭን ስል ተርሚናሉ፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ ፓስወርድ ጠየቀኝ። ብጽፍ ብጽፍ አንድ ነገር አይታይም። ኮከብ እንኳን የለም! ኪቦርዱ ሞተ ብዬ ደበደብኩት። ልጁ በሳቅ ፈረሰ። «እየጻፈ ነው ጋሼ፣ ሆን ብሎ ነው የሚደብቀው። ጨርሰው ኢንተር ይበሉ።»

አልኩ። ሠራ! የቡናውን ልክፈልልህ ብለው እምቢ አለኝ።

የአማርኛ መጻፊያውን ገና አላስተካከልኩም፤ ይቺን በስልኬ ነው የጻፍኳት።