የአባቴን መጋዘን ጣሪያ ሳወርድ

ደብረ ማርቆስ ያለው የአባቴ መጋዘን ጣሪያው ቆርቆሮ አይደለም። ቆርቆሮ የሚመስል፣ ግራጫ፣ ከባድ የሲሚንቶ ጣሪያ ነው። ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ ላልብሰው ብዬ ግንቦት ላይ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ እስካሁን ያሳፍረኛል። ከአናጺው ጋር ከጣሪያው ዝርጎች ሦስቱን በመዶሻ ሰባበርናቸው። አቧራው ፀጉራችን ላይ ተኛ። ልጆች ስብርባሪውን እየለቀሙ ተጫወቱበት። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ "ለዶሮ ቤቴ ይሆነኛል" ብለው ሁለት ቁራጭ ወሰዱ። ይባስ ብዬ ግቢውን በደረቁ ጠረግሁት።

ማታ ባሕር ዳር ላለችው ነርስ እህቴ ፎቶ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። "አስቤስቶስ ቢሆንስ? በል አቁም!"

በዓይን አይለይም፤ ላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ ማየት አለበት። ስለዚህ አስቤስቶስ ነው ብለን ተነሳን። አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ ማዕድን ነው። እሳት ስለማይበግረው ድሮ ከሲሚንቶ ጋር እየተደባለቀ ጣሪያና የውሃ ቧንቧ ይሠራበት ነበር። ሳይሰበር ከተቀመጠ ብዙም አያሰጋም። ጣጣው ሲሰበር፣ ሲቆረጥ፣ ሲበሳ ነው። በዓይን የማይታዩ ቃጫዎች ይበናሉ፣ ሳንባ ውስጥ ተሰንቅረው ይቀራሉ። የሳንባ ካንሰር፣ ሳንባን የሚያደርቀው አስቤስቶሲስ፣ የሳንባ ሽፋን ካንሰሩ ሜሶቴሊዮማ ከዚያ ይመጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ሙሉ በሙሉ ያገደው ወዶ አይደለም።

ጠዋት ለአናጺው ነገርኋቸው። ሳቁ። "30 ዓመት ስሰብረው ኖሬ ምን ሆንሁ?"

"ጋሼ፣ በሽታው እኮ ከ20 እስከ 50 ዓመት ተደብቆ ይቆያል።"

ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ከእኔ ይልቅ የሚጠነቀቁት እሳቸው ሆኑ። የሚያጨስ ሰው ላይ የሳንባ ካንሰሩ እንደሚብስ ስነግራቸውማ ሲጋራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። (ማታ አውጥተዋታል፣ አይቻለሁ።)

የሠለጠነ ባለሙያ ቢያወርደው ይሻል ነበር፤ እኔ ግን አላገኘሁም። ልጆቹን ዘመድ ቤት ላክን። ጣሪያውን ሳሙና ጠብ ባለበት ውሃ አራስነው። የዛገ ብሎን ሲያስቸግር ብሎኑን እንጂ ጣሪያውን አልነካንም። አንድ በአንድ፣ ሳይሰበር፣ በገመድ አወረድነው። ነፋስ ሲነሳ ሥራ ይቆማል። በኮሮና ጊዜ የለመድነው ማስክ ለዚህ አይሆንም፤ እህቴ ፊት ላይ ግጥም የሚለውን፣ ኤፍ ኤፍ ፒ 3 የሚባለውን ላከችልን። ያወረድነውን በወፍራም ፕላስቲክ ሁለቴ ጠቀለልነው። ማዘጋጃ ቤት ጠይቀን ባሳየን ቦታ በጥልቀት ቀበርነው።

ልብስ ነገር አሳሳቢ ነው። በሌላ አገር የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ እያራገፉ ያጠቡ ሚስቶች ታመዋል። የእኛን ከጣሪያው ጋር ቀበርነው። ያ በመጀመሪያው ቀን የጠረግሁት ግቢ ግን ከሁሉ በላይ አደከመኝ፤ አፈሩን እያረጠብሁ በአካፋ ገፍፌ አነሳሁት።

የቀረው የዶሮ ቤቱ ነበር። እትዬ "ዶሮዎቼን በምን ልከልላቸው?" ብለው አኮረፉ። አንድ አዲስ ቆርቆሮ ከእኔው ክምር አነሳሁላቸውና ሁለቱን ቁራጭ ተረከብሁ።