ከዜሮ በታች በሳይክል፦ እግሬን ያሞቅኩበት ዘዴ

አሜሪካ ውስጥ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ በክረምት በሳይክል ሥራ እሄዳለሁ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "አያንሸራትትም እንዴ?" ብሎ ነው። ያንሸራትታል። ግን እሱ መላ አለው፤ የብረት ጥርስ ያለው ጎማ ገዝቶ መግጠም ነው፣ በቃ። እጅም ወፍራም ጓንት ይበቃዋል። ጆሮ በቆብ ይሸፈናል። ያስቸገረኝ የእግሬ ጣት ነው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ለብርድ እንግዳ አይደለሁም። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሲያድር እየረገጥኩ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፤ ረፋዱ ላይ ሹራብህን አውልቀህ ወገብህ ላይ ታስራለህ። እዚህ ፀሐይ ወጥታም ወይ ፍንክች! በጃንዋሪ የሌሊቱ ቅዝቃዜ በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ የሚብስበትም ቀን ሞልቷል።

የምሄድበት መንገድ ሚድታውን ግሪንዌይ ይባላል። ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ፣ ከሌክ ስትሪት ጎን ለጎን የሚሄድ፣ 9 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የሳይክልና የእግረኛ መንገድ ነው። በረዶ ሲጥል ይጠረጋል። ረጅሙ ክፍል ከከተማው ጎዳና ዝቅ ብሎ የተቆፈረ ስለሆነ ነፋሱ አናት አናትህን ያልፋል። ወደ ምሥራቅ ስትጠጋ ግን መንገዱ ወደ ላይ ይወጣና ሃያዋታ አቬኑን በሳቦ ድልድይ ያሻግርሃል። ድልድዩ ላይ የነፋስ መከለያ የሚባል ነገር የለም። እግሬ ምን ያህል እንደተዘጋጀ የሚታወቀው እዚያ ነው።

አየሩ ጸጥ ቢልም ሳይክሉ ራሱ ነፋስ ይፈጥራል። ከዜሮ በታች 10 በሆነ ቀን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብትነዳ ቆዳህ የሚሰማው ከዜሮ በታች 18 እንደሆነ ነው። ያን ነፋስ ፊት ለፊት የሚቀበለው የጫማው አፍንጫ ነው። በዚያ ላይ እግር ፔዳል ላይ ሥራ ፈት ነው። ጭን ይሠራል፣ ባት ያግዛል፣ ጣቶች ግን ዝም ብለው ተቀምጠው ይሄዳሉ። በእግሩ የሚሄድ ሰው በዚያው ብርድ ጣቶቹ እየታጠፉ፣ እየተዘረጉ ደም ያገኛሉ። በዚያው ቦት ጫማ እየተራመድኩ ሞቆኝ፣ ሳይክል ላይ ስወጣ የሚቆፍነኝ ለዚህ ነው።

ብርድ ሲመጣ ሁላችንም የምናስበው ካልሲ መደራረብን ነው። ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት። ጫማው ግን ልኩ ያው ነው። ካልሲው በበዛ ቁጥር እግር ይታነቃል፤ ደሙም አይዘዋወርም፤ ሙቀቱን የሚይዘው አየርም ቦታ ያጣል። የኔ መለኪያ ቀላል ነው። ጫማውን አስሬ ቆሜ ጣቶቼን አወዛውዛለሁ። እንደ ልብ ካልተወዛወዙ አንድ ካልሲ ይወልቃል። አሁን የማደርገው አንድ ስስ ካልሲ፣ ከላይ አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ነው። ጥጥ በክረምት አላደርግም። ጥጥ ላብ ይጠጣና እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ሱፍ ግን የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት መጥጦ እንኳ እርጥብነቱ ብዙም አይሰማም። የመንዝ ሰው በበግ ጸጉር በርኖስ ለብሶ ውርጭ ላይ የሚያድረው ወዶ አይደለም።

ጫማውን ከሴኮንድ ሃንድ ሱቅ ነው ያገኘሁት። ከቁጥሬ አንድ የሚበልጥ፣ ውስጡ ተነቃይ የሱፍ ልባስ ያለው የበረዶ ቦት ነው። ለሳይክል ተብሎ የተሠራ አይደለም። በየመንገዱ ታይት ለብሰው ሽው የሚሉት ልጆች ሲያዩኝ ፈገግ ይላሉ። ይበሉ! ልባሱ መነቀሉ ትልቅ ነገር ነው። ማታ አውጥቼ አሰጣዋለሁ፤ ቦቱ ውስጥ ደግሞ ጋዜጣ እጠቀጥቃለሁ። ጠዋት ሁለቱም ደረቅ ናቸው። ላብ የያዘ ጫማ አድርጎ የወጣ ሰው ገና ከደጁ ተሸንፏል። ማሞቂያው ላይ ግን አላስቀምጠውም፤ ሶሉን የያዘው ማስቲሽ ይለቃል።

ስለ ፔዳል ያሳወቀኝ አንድ የሳይክል ጠጋኝ ነው። ፔዳሌ ጫማ የሚቆልፍ ዓይነት ነበር። ጫማው ሶል ላይ ብረት ይታሰራል፤ ያ ብረት የፔዳሉን ብረት ይነክሳል። እና የእግርህ ሙቀት በብረት ለብረት እየተቀባበለ ይወጣል። ጠጋኙ ጫማዬን ገልብጦ ብሎኖቹን አሳየኝ። "ከዚህ በላይ ያለህ አንዲት ስስ ሶል ናት" አለኝ። ፔዳሉን አስወልቄ ጠፍጣፋ የናይለን ፔዳል አስገጠምኩ። ከገዛሁት ነገር ሁሉ ለዋጋው እንደሱ የካሰኝ የለም። አሮጌ የካምፕ ፍራሽ ደግሞ እግሬን አስቀምጬበት በእስክሪብቶ ዙሪያውን አሰመርኩና በመቀስ ቆረጥኩት። ከጫማው ሶል በላይ ገባ። ቁመቱን ትንሽ ስለሚወስድ ይህንንም ያለ ትርፍ ቦታ አትሞክሩት።

ብርዱ ሲጠና ፌስታል ይመጣል። አትሳቁ። ስሱ ካልሲ፣ ከዚያ የዳቦ ላስቲክ፣ ከዚያ የሱፉ ካልሲ። ላስቲኩ ነፋስ ይከላከላል፤ ዋናው ሥራው ግን ላቡ ወደ ሱፉ እንዳይሻገር ማገድ ነው። ስሱ ካልሲ ይረጥባል፣ ወፍራሙ ደረቅ ሆኖ ሙቀት ይይዛል። ስደርስ ስሱን በሌላ እቀይራለሁ። ሽታውን አልደብቅም፤ የልብስ መቀየሪያ ክፍላችን ውስጥ ጫማዬን በር አካባቢ ነው የማወልቀው። ፌስታሉን ከካልሲ በላይ፣ ጫማው ጋ ብታደርጉት ግን ላቡ ሁሉ ሱፉ ውስጥ ይታፈናል።

ጫማ ውስጥ የሚገቡት ትንንሽ የማሞቂያ ከረጢቶችም አሉ። ውስጣቸው የብረት ብናኝ፣ ጨውና የከሰል ዱቄት ነው። አየር ሲያገኝ ብረቱ ይዝጋል፤ ሲዝግ ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ ከመውጣቴ ትንሽ ቀደም ብዬ ፓኬቱን ቀድጄ አየር አስነካዋለሁ። ጥብቅ ያለ ጫማ ውስጥ አየር ስለሚያጣ ይዳከማል። የምለጥፈው ከጣቶቼ በላይ ነው፣ ነፋሱ በሚመታበት በኩል፤ እሱም ካልሲ ላይ እንጂ ባዶ ቆዳ ላይ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይሞክረው ይሻላል። እግሩ ሙቀቱን ሳይሰማው ሊቃጠል ይችላል። ባትሪ ያለው ካልሲ አልገዛሁም፤ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፣ ዋጋውም አይቀመስም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። የእግር ብርድ መድኃኒቱ ግማሹ እግር ላይ አይደለም። ሰውነት ሲበርደው ደሙን ወደ ልብና ወደ ሆድ ዕቃ ይሰበስባል፤ የእጅና የእግር ደም ሥሮችን ያጠብባል። ለሱ ጣት ከልብ አይበልጥበትም። ጃኬቴ ስር ሰደርያ የጨመርኩ ቀን ያላሰብኩት እግሬ ሞቀ። ከሱሪዬ ስር ደግሞ የሱፍ ታይት። ቁርጭምጭሚት ላይ ሱሪው ሲሰበሰብ የሚታየውን ክፍት አጥብቄ እዘጋለሁ፣ ደም ሥሩ እዚያ ጋ ለቆዳ ቅርብ ነው። ቁርስ ሳልበላም አልወጣም፤ በሶ በጥብጬ ጠጥቼ ከሆነ ልዩነቱ ይታወቀኛል። ሲጋራ ደግሞ የደም ሥር ያጠባል፤ አጫሽ ጓደኞቼ ይህንን ሲሰሙ ወሬ ይቀይራሉ።

መንገዱ ከጉድጓዱ ወደ ላይ በሚወጣበት ዳገት ላይ እወርድና ሳይክሉን እየገፋሁ እሮጣለሁ። ጣቶቼን እስኪያመኝ አጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ። ዳገቱን ስጨርስ ደሙ ተመልሶ ይመጣል። ትንሽ ይወጋል፣ ግን ደስ የሚል መውጋት ነው። ከዚያ ድልድዩን ልጋፈጠው እችላለሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እግር መጀመሪያ ይቆረጥማል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል። መቆርጠሙ ሲቆም ሰው "ተሻለኝ" ይላል። አልተሻለውም። ፍሮስትባይት፣ ማለትም ቆዳና ሥጋ በብርድ ሲቀዘቅዝ የሚመጣው ጉዳት፣ የሚጀምረው እንደዚህ ነው። የሚለጠፉት ማስታወቂያዎች ቆዳው ነጭ ወይም ቀይ ይሆናል ይላሉ፤ በኛ ቆዳ ላይ ግን ቀለሙ በደንብ ላይለይ ይችላል። አመድማ ወይም ሰም የተቀባ ይመስላል፤ ሲዳሰስም ጠንከር ይላል። ዓይናችሁን ሳይሆን ጣታችሁን እመኑ። እንደዚያ ሆኖ ካገኛችሁት አትሹት፣ እሳትም አጠገብ አታድርጉት። ተመልሶ የማይበርድበት ቤት ገብታችሁ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ደንዝዞ ከቀረ ሐኪም ቤት።

ሥራ ቦታ አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። ባዩኝ ቁጥር "አንተ ልጅ፣ መኪና ገዝተህ አትገላገልም?" ይሉኛል። "ጋሼ፣ የርስዎ መኪና እኮ ዛሬም አልነሳ ብሎዎት ነው የዘገዩት" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ግን እኔም ድንበር አለኝ። በ2019 ጃንዋሪ መጨረሻ እዚህ ከተማ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ወርዶ ነበር። እንደዚያ ባለ ቀን ፌስታልም ሱፍም አያድንም። የኔ ድንበር ከዜሮ በታች 20 ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። አውቶቡሱ ፊቱ ላይ የሳይክል መስቀያ አለው። ስመለስ አየሩ ከተሻሻለ እየነዳሁ እንድገባ ሳይክሉን ሰቅዬ ነው የምሳፈረው።