ስቲቨኔጅን በብስክሌት

ድሮ «አዲስ ከተማ» ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው መርካቶ ነበር። አሁን የምኖረው ከለንደን በስተሰሜን ባለችው ስቲቨኔጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የእንግሊዝ የአዲስ ከተሞች ሕግ ሲወጣ መጀመሪያ የተመረጠችው እሷ ናት። ለንደን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተደብድባ ቤት ጠፍቶ ነበርና፣ ሕጉ ለሰዉ ከተማ ከአዲስ ለመሥራት የወጣ ነው።

ታሪኳን ልወቅ ብዬ ስነሳ ገና ከመነሻው ተሳሳትኩ። የጀመርኩት መሃል ካለው የሰዓት ማማ ሥር ነው። መኪና የማይገባበት የገበያ ሥፍራ ነው፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1959 መርቀውታል። እዚያ ለቆመ ሰው ከተማዋ ከባዶ ሜዳ የበቀለች ትመስላለች። ወደ ሰሜን ትንሽ ሲሄዱ ግን ሃይ ስትሪት አለ። በሰረገላ ዘመን መንገደኛ ያድርበት የነበረ ጎዳና ነው።

የዚያ ሰፈር ሰው አዲሷን ከተማ በእልልታ አልተቀበላትም። ሚኒስትሩ ሉዊስ ሲልኪን ዕቅዱን ሊያስረዱ ሲመጡ ተጮኸባቸው፣ የመኪናቸው ጎማም ተነፈሰ። ባቡር ጣቢያው ላይ ደግሞ «ሲልኪንግራድ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። በሶቪየቱ አምባገነን በስታሊን ስም እንደተጠራችው ከተማ፣ እንደ ስታሊንግራድ መሆኑ ነው! ይቺን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

ቀጥሎ መኪናዬን አቁሜ ብስክሌት ያዝኩ። ኤሪክ ክላክስተን የሚባለው መሐንዲስ ለብስክሌት ራሱን የቻለ መንገድ ሠርቶላታል። አደባባዩ ላይ መኪናው ከላይ ይዞራል፤ እኔ ከሥር ሹልክ እላለሁ። ግን ብዙ ጊዜ መንገዱ ላይ ብቻዬን ነኝ። ለመኪናም እንዲሁ አመቻችተውት ማን ፔዳል ይምታ?

ከሁሉ የጠቀመኝ ጥያቄ መቀየሬ ነው። ጎረቤቴን፣ አንዲት አሮጊት፣ «መቼ መጡ?» ስላቸው ዓመቱን ነግረውኝ ዝም አሉ። «ምን ሥራ ነው ያመጣችሁ?» ስል ግን ሻይ ተፈላ። አባታቸው ግንበኛ ነበሩ፤ ሥራው ቤትም አስገኘላቸው። እናታቸው በር ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ያስቀምጡ ነበር፦ አንዱ ለሰፈሩ ጭቃ፣ አንዱ አውቶቡስ ላይ የሚደረግ።

መጀመሪያ የታሰበው ለ60,000 ሰው ነበር። በ2021 ቆጠራ ወደ 90,000 ተጠግታለች።

አሁን እንግዳ ሲመጣብኝ የምጀምረው ከሲክስ ሂልስ ነው። መንገድ ዳር የተደረደሩ፣ ሣር የለበሱ ስድስት ጉብታዎች ናቸው፤ የሮማውያን ዘመን መቃብር። እዚያ አቁሜ «እንኳን ወደ አዲሷ ከተማ በደህና መጣችሁ» እላቸዋለሁ።