በቮልሱ የኋላ ወንበር ሥር

ደብረ ብርሃን ላይ የመኪና ወንበርና ምንጣፍ የሚሠራ ሰው የጥር ሠርግ ሲቃረብ ሥራ አያጣም። ዓመቱን ሙሉ ሸራ ለብሰው በየግቢው የቆሙ አሮጌ መኪናዎች በዚያ ሰሞን ይወጣሉ። ባለቤቶቹም ጣሪያው ይልበስ፣ ወንበሩ ይታደስ፣ ወለሉ ይነጠፍ ይላሉ። ደንበኛ የሚከፍለው ለሚያየው ነገር ስለሆነ ብዙ ባለሙያም የሚታየውን ብቻ አሳምሮ ይሸኛል። እኔ ግን ከዚህ ቮልስ በኋላ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር መደራደር አልችልም።

መኪናው በ1970 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ቮልስ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ሜክሲኮ ውስጥ ሲመረት ቆይቶ በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራ፣ ያልነካካው መካኒክ የለም፤ ሁሉም አውቀዋለሁ ይላል። የዚህኛው ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ልጃቸውን የሚድሩት ከጥምቀት በኋላ ነው። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ በአባቷ ቮልስ እንዲሄዱ በቤተሰቡ ተወስኗል።

“ልጄ፣ አሮጌውን አትንካው፤ ከላይ አዲስ አንጥፍልኝ። ድርብ ሲሆን ብርዱንም ይከላከላል” አሉኝ።

ብርዱ እንዲያው ሰበብ አልነበረም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። የቮልስ ወለል ደግሞ ስስ ላሜራ ነው። ቢሆንም በሩን ስከፍት የረጠበ ሱፍ ሽታ ፊቴን መታኝ። ዝናብ ካቆመ ስንት ጊዜው! በበጋ የረጠበ ወለል ደግሞ ከሥሩ ያለውን ብረት እየበላ ነው።

“ጋሼ፣ አሮጌውን ሳላነሣ አዲስ አላነጥፍልዎትም። ከሥሩ ያለውን ማየት አለብኝ” አልኳቸው።

“ከሥሩ ብረት እንጂ ምን ይኖራል?”

“እሱን ብረት ነው ማየት የምፈልገው።”

ብዙም ደስ ሳይላቸው ተስማሙ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ ቦታ የተነጠፈው ምንጣፍ ለሳሎን የሚሆን ወፍራም ቀይ ሞኬት ነበር፤ ከሥሩ ማዳበሪያ ጆንያ ተደርቦበታል። ፋብሪካው ለቮልስ ወለል የሰጠው የጎማ ምንጣፍ ነው። ሞኬቱን ያደረገው በጎንና በጎን፣ በበሩ ደፍ በኩልና ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እግር ጭቃና ውሃ ይዞ ይገባል፣ ጎማ ደግሞ ይወለወላል። ሌላም ነገር አለ። የቮልስ ፔዳሎች እንደ ብዙ መኪናዎች ከላይ የተንጠለጠሉ ሳይሆኑ ከወለሉ ወደ ላይ የቆሙ ናቸው። ወፍራም ነገር ከኋላቸው ከገባ እስከ መጨረሻው አይረገጡም። መምህሩ አንደኛ ማርሽ ሲያስገቡ ይንገጫገጭ ስለነበር ካምቢዮው መከፈት አለበት ተብለው ገንዘብ እያጠራቀሙ ነበር። ሞኬቱንና ጆንያውን ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ሥር አውጥቼ ሞተሩን አስነሥተው እንዲሞክሩት ጠየቅኋቸው። ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ማርሹን እያዩ ደጋግመው አስገቡት።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የምሥራች ነበር። ከዚያ ወደ ኋላው ዞርኩ።

የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። መቀመጫውን ከፊት በኩል ይዤ ወደ ላይ ሳነሣው አብሮኝ የሚሠራው ልጅ “የተቃጠለ ነገር ይሸታል” አለ። ገልብጠን ብርሃን ላይ አየነው። የመቀመጫው ሥር የሽቦ ሞላ ነው፤ በሞላው ላይ እንደ ቃጫ ያለ የደረቀ የጭረት ሙሌት አለ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ በላይ ያለው ሞላ ላይ ብረቱ ቀልጦ እንደ ምስር ፍሬ ከበብ ያለች ትንሽ ነጥብ ነበረች። በዙሪያዋ ያለው ሙሌት ጠቁሯል፤ በጣት ሲነካ ይበናል። አንድ ጊዜ ኮንታክት ፈጥሮ፣ እሳት አንሥቶ፣ በራሱ ጠፍቷል ማለት ነው።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አላስቸገረንም። ባትሪው ለዚህ ቦታ ከሚስማማው ቁመቱ የበለጠ ነው፤ ለሌላ መኪና የተሠራ ነው። ከላይ ሊኖረው የሚገባው መከላከያ ክዳን የለም። ያ ሳያንስ ምንጣፉን ያነጠፈው ሰው ባትሪው እንዳይንኳኳ ብሎ ይመስለኛል፣ የሞኬት ቁራጭ አጥፎ ከሥሩ ከቶበታል። ይህም ባትሪውን ወደ ሞላው ይበልጥ አስጠጋው። ባዶ ወንበር ላይ ክፍተት አለ። ሰው ሲቀመጥ ሞላው ይወርዳል። ሞላው የመቀመጫው ብረት ነው፤ መቀመጫው ደግሞ ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር በተያያዘው የመኪናው አካል ላይ ያርፋል። ፖዘቲቩን ሲነካ የኤሌክትሪክ ጅረቱ በሙሉ በዚያች ነጥብ ያልፋል፤ ከላይ ያለው ደግሞ እንደ ጭድ የደረቀ ነገር ነው። አሮጌ ቮልሶች ከሚቃጠሉባቸው የታወቁ መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

መምህሩ ሞላዋን በጣታቸው ዳሰሷት። ከዚያ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

“ባለፈው እሑድ የልጅ ልጆቼ እዚያ ላይ ነበሩ” አሉ።

ልጆች ቀላል ናቸው። ሦስት ሚዜዎች ግን ቀላል አይደሉም።

ሥራው ከምንጣፍ ሥራ ወጥቶ ሌላ ሆነ። ባትሪውን ስናወጣ የተቀመጠበት ላሜራ በአሲድ ተበልቶ በካቻቪቴ ጫፍ ይበሳ ነበር። ቦታውን በውሃ በተበጠበጠ ቢካርቦኔት አጠብነው፤ አሲዱ እስኪያልቅ አረፋ ያወጣል፣ አረፋው ሲቆም በንጹሕ ውሃ አለቀለቅነው። ከዚያ የባትላሜራ ባለሙያ ተጠራ። በቮልስ ወለል መሃል ባለው ጉብታ ውስጥ የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ካቮዎች ብቻ ሳይሆኑ የቤንዚን ቱቦም ስለሚያልፍ፣ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ወርዶ ቱቦው እስኪጸዳ ድረስ ብየዳ እንዳይጀመር አልን። ባለሙያው ራሱ ያንን የሚያውቅ ሰው ስለነበር ክርክር አልተነሣም። የተበላው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተተካ፣ የዝገት መከላከያ ቀለምም ተቀባ።

እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ሳናውቅ ምንጣፍ ማንጠፍ ደግሞ የማይታሰብ ነበር። ወለሉ ላይ ደረቅ ጋዜጣ አንጥፈን፣ ልጁ የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ ከውጭ በመስታወቶቹ ላይ በዝግታ ውሃ አፈሰስኩ። “በግራ በኩል!” ብሎ ጮኸ። የፊት መስታወቱ ላስቲክ ማዕዘኑ ላይ ተሰንጥቋል። ላስቲኩ ተቀየረና ጋዜጣው ደረቅ ሆኖ ወጣ።

ምንጣፉ ራሱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀላል ሆነ። የበፊቱ በልክ ስላልተቆረጠ ንድፉን በወረቀት አወጣሁ። መጀመሪያ የመሃሉ ጉብታ፣ ቀጥሎ የበሩ ደፍ፣ በመጨረሻ ጠፍጣፋው ወለል። ሞኬቱን ፀሐይ ላይ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ሲሞቅ ይለሰልስና ጉብታውን ይከተላል። በእኛ አገር ጠዋት ማስቲሽ የሚቀባ ሰው ድካሙን ይጥላል፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ማስቲሹ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፣ ነጣ ይላል፣ ሲያዩት የያዘ መስሎ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ሲወርዱ ይለቃል። ከቀትር በኋላ ሁለቱንም ገጽ ቀብቶ፣ ጣት ሲነካው የማይለጠፍ እስኪሆን ጠብቆ ማገናኘት ነው። የወንበሩን ብሎን ቀዳዳ ደግሞ በመሰርሰሪያ መብሳት አይገባም፤ መሰርሰሪያው ክሩን ጠምዝዞ እስከ ዳር ይተረትረዋል። ከሥር በወስፌ ምልክት አድርገን በጋለ ብረት ነው የምንበሳው።

የመምህሩ ባለቤት ከመንዝ የመጣ ዝተት ይዘው መጥተው ወለሉ ላይ ይሁን ብለው ነበር። እጅ የፈተለውን፣ እጅ የሸመነውን ሱፍ እግር ሥር ማዋል አላስቻለኝም፤ ውሃም ይይዛል። “እማማ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ላድርግልዎ፤ እዚያ ይታያል፣ እግርም አይደርስበትም” አልኳቸው። ጠርዙን ዘምዝመን እዚያ አስገባነው፤ በጣም አማረ። ለሾፌሩና ለተሳፋሪው እግር ግን ጎማ ነው ያደረግነው፤ ከፔዳሎቹ ኋላ ምንም አልገባም።

ልኩ የሆነ ባትሪ ተገዝቶ በማሰሪያው ታሰረ፤ ጅረት የማያስተላልፍ ክዳንም ተደረገለት። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ስለሚወጣው ክዳኑ መተንፈሻ አለው። ከመሸኘታችን በፊት ክዳኑ ላይ የለሰለሰ ሰም ከምረን፣ መቀመጫውን መልሰን፣ ግቢው ውስጥ ካሉት ወፈር ያሉትን ሦስት ሰዎች አስቀመጥንበት። ስናነሣው ሰሙ ሳይጨፈለቅ ተገኘ። መምህሩ ሰሙን ራሳቸው ካላየሁ ብለው ጎንበስ ብለው አዩት። ለካምቢዮው ያጠራቀሙትን ለባትላሜራውና ለባትሪው ከፈሉ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ባለ ቮልስ መጣ። የኋላ ወንበሩን ላንሣ ስለው ጊዜ የለኝም፣ ወለሉን ብቻ ነው የምፈልገው አለ። ሥራውን አልተቀበልኩም። ቁልፉን ተቀብሎኝ ሲወጣ እስከ በሩ ተከትዬ ባትሪው የት እንዳለ፣ ክዳን እንዳለውና እንደሌለው እንዴት እንደሚያይ ነገርኩት። አይቶት እንደሆነ አልነገረኝም።