በሬ ልብስ በላ
ሱፐርቫይዘሩ ክፍሌ የገቡት ኮሚኩን፣ ማለትም በሥዕልና በአጭር ጽሑፍ የሠራሁትን ታሪክ፣ ልናነብ ስንል ነው። የአንደኛ ክፍል ልጆቼ ገና የ«ለ»፣ የ«መ»፣ የ«ሰ»፣ የ«ረ» እና የ«በ» ቤትን ነው የጨረሱት። ከ231ዱ ፊደል 35ቱ ማለት ነው። ስለዚህ ኮሚኩ ላይ ከእነዚህ ውጭ አንዲት ፊደል የለችም፣ ያንን ለማድረግ ስንት ማታ እንደተቃጠልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በሬ መስክ ላይ አቀርቅሯል፣ ዙሪያው ሳር ነው፣ አፉ ላይ ግን የሸሚዝ እጅጌ ተንጠልጥሏል። ከሥር «በሬ ልብስ በላ» ይላል። ቀጥሎ ሰውየው እየሮጠ «ልብሴ! ልብሴ!» ይላል። በቃ።

ሳሩን ሆን ብዬ ነው ያበዛሁት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ እንደሚባለው።

አንዷ ፈጣን ልጅ ተነሳችና «በሬው ሳር እየበላ ነው!» ብላ ለቀቀችው። ሱፐርቫይዘሩ አጨበጨቡላት። ቀጥሎ ሁሌ ጣቱን ፊደሉ ላይ የሚተክለው ልጅ መጣ። «በ... ሬ... ል... ብ... ስ... በ... ላ»። መጨረሻዋን ቃል መጀመሪያ አላልቶ ነው ያነበባት፣ ቆም አለና ሥዕሉን አየ፣ ከዚያ «ላ»ን አጥብቆ ደገማትና በሳቅ ፈረሰ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፣ ስለዚህ ያጠበቀው ስለገባው ነው። እኔ በደስታ ልዘል ነበር።

«ይሄኛው ይጎትታል» አሉኝ።

«ያነበበው እሱ እኮ ነው።»

«ያቺኛዋስ?»

«እሷ ሥዕሉን ነው የነገረችዎት። ‹ሳር› የሚል ቃል እዚህ የለም።»

ወረቀቱን ጠጋ ብለው አዩት። የሚያምኑልኝ መስሎኝ ነበር። «ሥዕል ማንበብም ማንበብ ነው፣ መምህር» አሉና ወደ ሌላ ጉዳይ ገቡ። አማርኛው ደርቋል፣ «በሬው ልብሱን በላው» ቢባል ያምራል። ያምራል! ግን «ው»ንም «ን»ንም ገና አላስተማርኳቸውም። ይህንንም አስረዳሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቅጹ ላይ ግን «የጽሑፉ ቋንቋ ይሻሻል» ብለው ሞሉ። ፍጥነት የሚለው ላይ ለልጅቷ ሙሉ ነጥብ።

ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን በካርቶን እየሸፈንኩ ነው የማስነብበው። መጀመሪያ ጽሑፉ፣ ከዚያ ካርቶኑ ይነሳል። ፈጣኗ ልጅ «ል» ላይ ደርሳ ስትቆም አየሁ፣ አኮረፈችኝም፣ አሁን ግን ጣቷን መትከል ጀምራለች። ጀርባዬን ስሰጥ ካርቶኑን ከፍ አድርጋ እንደምታይም አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ያ ልጅ «በላ»ን ያጠበቀው ሥዕሉን ካየ በኋላ ነው። ይህን ለሱፐርቫይዘሩ አልነገርኳቸውም፣ ለመንገርም አላሰብኩም።