«አትርሳኝ» የተባለውን ቀንድ እንዴት ፈጠርኩት

ባሕር ዳር ውስጥ በአንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት እሠራለሁ። ቀን ቀን የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የሌለ አገር እፈጥራለሁ። አገሩ የራሱ ወንዝ፣ የራሱ ነገሥታት፣ የራሱ የዘመን አቆጣጠር አለው። የጎደለው አንድ ነገር ነበር። ስሙ ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግለት አስማተኛ ዕቃ።

መጀመሪያ የፈጠርኩት ሰይፍ ነው። ምን ላድርግ፣ ፊልም ላይ ያየሁት ሁሉ ሰይፍ ነበር። ከሰማይ ከወደቀ ብረት ተሠራ፣ የያዘው ሰው አይሸነፍም። ስሙን «ዛልቶሪክስ» አልኩት። ለጓደኛዬ ሳነብላት «የጨጓራ መድኃኒት ነው?» አለችኝ። ስቄ አለፍኩት እንጂ በልቤ ተናድጃለሁ። የባሰው ግን ስሙ አልነበረም። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ጀግናው ሰይፉን አገኘ፣ ጠላቶቹን ጨረሰ፣ ታሪኩም አብሮ አለቀ። ሁለት መቶ ገጽ አቅጄ በስልሳ ገጽ ወሬ አጣሁ።

ለፋሲካ ደብረ ኤልያስ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ የቆሎ ተማሪ ሊሆን ከቤት የወጣ ሰው ነው። ቅኔ ተምሯል፣ በኋላም ቁም ጽሕፈት፣ ብራና ላይ በእጅ መጻፍን። አሁን ዓይኑ ደክሟል።

«ጋሸ፣ አስማት ያለበት ዕቃ ይፍጠሩ ቢባሉ ምን ይፈጥራሉ?» አልኩት።

«ፈጣሪ አንድ ነው» አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ ግን ስለ ሰይፉ ጠየቀኝ። «ማን ቀጠቀጠው?» አላውቅም። «ከሰሉን ማን አከሰለ?» እሱንም አላውቅም። «እንግዲያ ሰይፍ የለሽማ» ብሎ ተነሳና ከሳጥን ውስጥ የቀለም ቀንዱን አወጣ። ተራ የከብት ቀንድ ነው። ውስጡ ጠቁሮ ደርቋል። ከድስትና ከምጣድ ሥር ጥላሸት እንዴት እንደሚፋቅ፣ ከተቆላ እህል ጋር እንዴት እንደሚደባለቅ፣ ወራት ተቀምጦ እንዴት እንደሚሸት ነገረኝ። ብራናውም ሌላ ጣጣ ነው። የፍየል ቆዳ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ እንደገና ይፋቃል፤ ከአንዱ ቆዳ የሚገኘው ጥቂት ቅጠል ነው። ያን ሁሉ ሲነግረኝ እጆቹ ባዶውን አየር ይፍቁ ነበር። ቀንዱን አሸተትኩት። አሁንም ጭስ ጭስ ይላል።

ሰይፉን እዚያው ጣልኩት። የእኔ ዕቃ የቀለም ቀንድ ይሆናል።

ኃይሉን ግን ገና አላወቅኩም። «ቀለሙ የማያልቅ» ብዬ ጀመርኩ። የማያልቅ ቀለም ምን ያደርጋል? ለእኔ ለኮፒ ቤት ሠራተኛዋ ጥሩ ነው፣ የፕሪንተር ቀለም ውድ ነው። ለታሪክ ግን ባዶ።

መልሱ የመጣው ከሥራዬ ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት ገቡና «ያለፈው ሳምንት የጻፍሽልኝ ላይ አንድ ቃል ጨምሪልኝ» አሉኝ። አላስታወስኳቸውም። ፋይሉን ስከፍተው የመሬት አቤቱታ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ። ያን ቀን እያለቀሱ ነበር የነገሩኝ፤ ጎረቤቴ ባለሱቅ ናት ያስታወሰችኝ። እኔ በጣቶቼ ጽፌው ከጭንቅላቴ ወጥቷል። አፈርኩ። ማታ ቤት ስገባ ደብተሬ ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ በዚህ ቀንድ ቀለም የተጻፈ ቃል አይጠፋም፤ ጸሐፊው ግን የጻፈውን ይረሳዋል።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ በራሱ መሄድ ጀመረ። ንጉሡ ቀንዱን ይፈልገዋል፤ ሕጉን ለዘላለም ማኖር ያምረዋል። ጸሐፊዎቹ ይሸሹታል። ሐዘንተኞች ደግሞ ሊረሱ ሲሉ ሌሊት ይሰርቁታል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንደሚባለው ቀንዱም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ። እኔ መጨነቄን ተውኩ።

ስሙም ቀላል ሆነ። ጎጃም ሰው ልጁን አትጠገብ፣ ይታያል፣ አንተነህ ብሎ ሲሰይም በአንድ ቃል ስንት ታሪክ ይናገራል። እኔ ምን አስኬደኝ እስከ ዛልቶሪክስ? ቀንዱን «አትርሳኝ» አልኩት። ጓደኛዬ በዚህኛው አልሳቀችም።

ያጠፋሁትንም ልንገራችሁ። አጎቴ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ ሲነግረኝ ልቤ ተነሳ። ወዲያው ሁለተኛ ቀንድ ፈጠርኩ። በቀዩ ስሙ የተጻፈ ሰው በሁሉም ዘንድ ይረሳል። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ሦስት ምዕራፍ አበላሸብኝ። ሁሉም የረሳውን ሰው ታሪክ ማን ይንገረው? አውጥቼ ጣልኩት። ለቀንዱም አርባ ገጽ ታሪክ ጽፌለት ነበር፣ ከመጀመሪያው በሬ ጀምሮ። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፣ በአጭሩ ቅኔ፤ ሁለት ስንኝ ብቻ። እኔም አርባውን ገጽ አንድ ሽማግሌ በሁለት አረፍተ ነገር እንዲናገረው አደረግኩ። ሌላውን አንባቢ ይጨምርበት።

ቀንዱን ማሳየቱም ከብዶኝ ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ በየገጹ ያበራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ያሰማል። ጥምቀት ላይ ቆሜ ነው ነገሩ የገባኝ። ታቦት ተሸፍኖ ይወጣል። ያየው የለም፣ ያልሰገደ ግን የለም። እዚህ ጣናችን ላይም ታቦተ ጽዮን አክሱም ሳትገባ ብዙ ዘመን ጣና ቂርቆስ ቆየች ይባላል፤ ደሴቲቱን በሩቁ እያዩ የሚያማትቡ ሰዎች አውቃለሁ። ቅዱሱን ነገር ልቦለዴ ውስጥ አላስገባሁም፣ አይገባምም። መሸፈንን ግን ተማርኩ። አሁን ቀንዱ እስከ ሰባተኛው ምዕራፍ በአሮጌ ነጠላ እንደተጠቀለለ ነው።

ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ አንዲት ልጅ ትፈታዋለች። እናቷ እየሞተች ነው። የእናቷን ተረት፣ የእናቷን ስድብ፣ እህል ስትፈጭ የምታንጎራጉረውን ሁሉ ሌሊቱን ትጽፈዋለች። አንዳች እንዳይጠፋ። ሲነጋ ጎረቤት መጥቶ ያነብላታል። ልጅቷ ጸጥ ብላ ትሰማና «ደግ ሴት ነበረች፤ የማን እናት ናት?» ትላለች።

ይህን ስጽፍ ተነስቼ ውጭ ወጣሁ። ትንሽ ቆየሁ።

በነሐሴ ለአጎቴ አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ስጨርስ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝምብኝ «ጋሸ፣ አልወደዱትም?» አልኩት።

«አንች ልጅ» አለኝ፣ «ቀንዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሽው። ቀንድ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል? ይደፋል እንጂ። ጫፉ መሬት ላይ ይተከላል። ብራናውም በጉልበት ላይ ነው።»

ባሕር ዳር ስመለስ ጠረጴዛውን አወጣሁት። ልጅቷ አሁን ከእናቷ አልጋ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች።